የመከተ ግማሽ ሪዝ

ውሻ ሪዝ እንዳለው ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አለው። በግራም በቀኝም ሲሆን ያምርበታል። የኔው መከተ ግን አምና ሁዳዴን የጾመው በቀኝ ሪዙ ብቻ ነው። ጾመ ማለቴ እንኳ ውሸት ነው፤ እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ። የግራውን ሪዝ ያቃጠልኩበት እኔ ነኝ። ቆይ፣ ሳትሰሙ አትፍረዱብኝ።

እኔ መቁጠር የለመደብኝ ሰው ነኝ። በአንዲት በቅሎ የእንግዳ ጓዝ ከደባርቅ ሳንቃ በር እየጫንኩ ነው ሰው የሆንኩት። ቀኑን ሙሉ ከበቅሎ ኋላ የሚሄድ ሰው ምን ሥራ አለው? እርምጃዋን ይቆጥራል። ከቡይት ራስ በላይ መንገዱ ስንት ቦታ እንደሚታጠፍ ዛሬም በእንቅልፌ ጠይቁኝ። አሁን ወፍጮ ቤት አለኝ፤ በቅሎዋ ሞታለች፤ ቁጥሩ ግን አልሞተም። ቤተ ክርስቲያን አርባ አንድ እግዚኦታ ሲደርስ አርባ ላይ የቆመ ካለ የማውቀው እኔ ነኝ። የንስሐ አባቴ ይህን ጠባዬን አይወዱልኝም። ባለቤቴ ስመኝማ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቀባሪህን ቆጥረህ ካልሞላልህ ከቃሬዛው ትነሣለህ» ትለኛለች።

መከተ ወፍጮ ቤቱን የሚጠብቅ ውሻ ነው። ከዳባት ገበያ በጆንያ ይዤው የመጣሁት ቡችላ ነበር፤ ስድስት ዓመቱ ነው። ሰው ነክሶ አያውቅም። ከጆንያ ጋር ግን ይጣላል። መቼም ቂም ይዞ ይሆናል።

የሁዳዴ መጀመሪያ ሳምንት ነው። ጠዋት። አሥራ አራት ሰው እህሉን ይዞ ተሰልፏል። መከተ ከበሩ ተነሣ፤ ጆሮውን የሰማ መስሎ ቀና አደረገ፤ ከዚያ እንደ ግንድ ወደቀ። እግሩ ተገተረ፤ ቀጥሎ ተኝቶ የሚሮጥ ይመስል አየሩን ይረግጥ ጀመር። አፉ አረፋ ሞላ። አንዷ፣ «ያበደ ውሻ!» ብላ ጮኸች። አሥራ አራቱም ወጡ። እህሉ ቀረ።

እኔስ ምን አደረግኩ? በእኛ አገር ሰው እንዲህ ሲወድቅ ክብሪት ይጫርለታል። ጭሱን ካሸተተ ይነቃል ይባላል። ይነቃል ወይ? ማን ቆጥሮት ያውቃል! እኔም ክብሪቴን አውጥቼ አፍንጫው ሥር እጭር ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥራ አንደኛው ላይ ሪዙ ተቀጣጠለ። መከተም ነቃ። ጭሱ ነው ወይስ እሳቱ የቀሰቀሰው ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጎረቤቴ ሙላው ቤት ደረሰ። ሙላው የፓርኩ ስካውት፣ ማለት የዱር አራዊት ጠባቂ፣ ሆኖ ያረጀ ሰው ነው። ሳንቃ በር እያለ ያበደ ውሻ የነከሰው ቀይ ቀበሮ እንዴት እንደሚሞት በዓይኑ አይቷል። ጠመንጃውን እንደ ነጠላ ነው የሚለብሰው። መጣና በአጥሩ ላይ በስሜ ጠራኝ።

«እንየው፣ አንድ ጥይት ናት። አንተ ፊትህን አዙር።»

«ውሻዬ ደመ ከልብ ሆኖ አይቀርም!» አልኩት።

«ታዲያ ደሙ የምን ሊሆን ኖሯል? የመኳንንት?»

ሳቅ መጣብኝ፤ ግን አልሳቅኩም። እውነቱን ነው። ሰፈሩ ውስጥ ልጆች አሉ። ነገር ግን መከተ የክትባት ወረቀት አለው፤ እኔ ደግሞ ወረቀት አልጥልም። ወረቀቴን ይዤ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። አንዱ በሬ ይዟል፤ አንዱ በግ ይዟል፤ አንዱ የተላጠች በቅሎ ይዟል። እኔ ወረቀት ይዤ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ሐኪሟን «ውሻ አመመኝ» አልኳት። ወጣት ናት፤ ሳቋን ዋጠችና ተከትላኝ መጣች።

መከተን ከአጥር ማዶ ሆና ብዙ ተመለከተችው። ከዚያ፣ «አባባ፣ ሪዙን ማን አቃጠለው?» አለችኝ።

«ወፍጮው ነው» አልኩ።

የደረት ኪሴን አየች። የክብሪቱ ቀፎ ብቅ ብሏል።

ያለችኝ ይህን ነው። ተከትቦ ከሆነ የሚጥል በሽታ ይመስላታል፤ ማረጋገጫው ግን ቀን ነው። አስረህ አቆየው፤ እጅህን ወደ አፉ አታስጠጋ፤ ያበደ ውሻ ከሆነ አሥር ቀን አይሞላም፤ ይሞታል። እስከዚያ ግማሽ ክኒን ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ ግማሽ ማታ በአንድ ሰዓት፣ ሳይዛነፍ። ክኒኑ ለሰውም የሚታዘዝ ነው። ሲጥለው አትያዘው፤ አፉ ውስጥ ምንም አታግባ፤ ክብሪት የሚባል ነገር እንዳላይ። ዝም ብለህ ስንት እንደቆየ ቁጠር አለችኝ።

ቁጠር! ለእኔ! ከዚያ በፊት ቁጠር ያለኝ ሐኪም የለም። ሁሉም ተው ነው የሚሉኝ።

ሙላውም አሥሩን ቀን ተቀበለ። «በአሥረኛው ቀን ጠዋት እመጣለሁ» አለ። ጠመንጃውን መታ አደረገ።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ። ክኒኑን በሽሮ ፍትፍት ሸሽጌ ወረወርኩለት። ፍትፍቱን በላና ክኒኑን እንደ ዳኛ ማኅተም ፊቱ አስቀመጠው። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስት ጊዜ መለሰልኝ። የቀረው ቅቤ ነው። በሁዳዴ! የስመኝ ቅቤ ቅል አፉ ታስሮ ከተሰቀለበት ሳወርድ፣ «ኧረ ሰውዬ፣ ከውሻው በፊት ያበድከው አንተ ነህ!» ብላ ጮኸች። ነገሩ የንስሐ አባቴ ዘንድ ደረሰ። መጡ፤ ጉዳዩን አስረዳኋቸው።

«ውሻው ይጾማል?» አሉኝ።

«ኧረ አይጾምም አባ።»

«አንተስ ጣትህን ምን ታደርገዋለህ?»

«ሦስት ጊዜ እታጠባለሁ።»

«ከቆጠርከውስ ይበቃል። ብቻ እንዳትልሰው» ብለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ መከተ ክኒኑን በቅቤ አንከብልዬ ስወረውርለት በአየር ላይ ይቀልባል። ሰፈሩ ሁሉ ሽሮና ተልባ ሲበላ እሱ በቀን ሁለት ጊዜ ፋሲካ ሆነለት። ቀን በቀን የምቆጥረው እንግዲህ ይህ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሁለቴ ጣለው፤ በሦስተኛው አንድ ጊዜ፤ በአራተኛው አንድ ጊዜ። ከዚያ የለም። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ውኃውን ይጠጣል። ጅራቱን ይቆላል። እኔም በየጠዋቱ በፍርሃት ወጥቼ በደስታ እገባለሁ። ለውሻ እንዲህ መሆኔን ማንም እንዳያይብኝ ብዬ ነበር። ሙላው ግን ያየኛል።

ሙላው በየቀኑ አጥሩ ላይ ይመጣል። ሲሞት ሊያይ ነው የሚመጣው ብዬ አንጀቴ አረረ። ጥያቄውም አያልቅ።

«ዛሬ ጣለው?»

«አልጣለውም።»

«ስንት ሰዓት ነው የምትሰጠው?»

«አንድ ሰዓት።»

«ለሰውም ነው ብላለች ያልከኝ?»

«ምነው፣ ልትውጥ አማረህ?» አልኩት። ጎረቤት ወሬ ሲያጣ ይጠይቅ ብዬ ተውኩት እንጂ ጥያቄውን አልቆጠርኩትም። ከቆጠርኩት ነገር ሁሉ የዘለልኩት እሱን ነው።

አሥረኛው ቀን ነጋ። መከተ በሕይወት አለ! ሙላው ጠመንጃውን አንግቦ መጣ፤ ከኋላው ሰባት ጎረቤት። እኔ በኩራት በሩን ከፈትኩና፣ «ይኸው አሥር!» አልኩ። መከተ ለእንግዶቹ ብድግ አለ። ጆሮውን ቀና አደረገ።

ያቺን ጆሮ አውቃታለሁ።

ወደቀ። እግሩ ተገተረ። «ይኸው አበደ! በለው ሙላው!» አሉ ከኋላ። አንዱ ደግሞ ክብሪት አውጥቶ ጫረ። እኔ በመከተና በጠመንጃው መካከል ቆምኩ። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ለውሻ እሞታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

«ክብሪቱን ጣል!» አለ ሙላው።

ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ልብ በሉ፤ ሙላው ጠመንጃውን መሬት ሲያስነካ በዕድሜዬ አላየሁም። ተንበረከከ። አጠገቡ የነበሩትን ሁለት ድንጋዮች ወዲያ ገፋ። ጋቢውን አጥፎ ከመከተ ጭንቅላት ሥር አስገባ፤ ከአፉ በኩል እጁን አራቀ፤ በጎኑ መለሰው። እንደ አዋላጅ ነው የሚሠራው፤ ሳይቸኩል። «አትያዙት። አየር ስጡት። እንየው፣ ምን ያፈዝሃል? ቁጠር!»

ቆጠርኩ። ዘጠና አራት ላይ እግሩ ላላ። መከተ ተነሣ፤ ግድግዳውን ሰላም አለ፤ ተንገዳግዶ ሄዶ ውኃውን ጠጣ። ያበደ ውሻ ውኃ አይጠጣም።

ቀድማ የጠየቀችው ስመኝ ናት። «ሙላው፣ ይህን ከየት ተማርከው?»

ሙላው ጋቢውን አራገፈ። ቀና ብሎ አላየንም። «ከቤቴ» አለ።

የሙላውን ቤተሰብ አራት ብዬ ነበር የምቆጥረው። ትልቋ ልጁ ታንጉት ዳባት አክስቷ ዘንድ ናት ብሎን፣ አምነን ነበር። ለካ ዳባት የለችም። ገና በልጅነቷ ይኸው በሽታ ምድጃ አጠገብ ጥሏት እጇ ከተቃጠለ ወዲህ ከጓሮው ቤት አትወጣም። ጠበል ወስዷታል፤ ሁለት ቦታ። ሐኪም ቤት ግን ወረፋ አለ፤ ወረፋ ላይ ሰው አለ፤ ሰው ደግሞ አፍ አለው። አጥር ለአጥር የምኖር፣ እግዚኦታ የምቆጥር ሰው አንዲት ነፍስ አጉድዬ ኖሬያለሁ። በየቀኑ አጥሬ ላይ የሚመጣውም የውሻዬን ሞት ሊያይ አልነበረም። ክኒኑ ይሠራ እንደሆነ ሊያይ ነበር።

በማግስቱ እኔ፣ ሙላውና ታንጉት ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ መርምሮ፣ ጠይቆ ክኒን አዘዘ። ጠበሉንም አትተዉ፣ ክኒኑንም አትዝለሉ አላቸው።

መከተ ድኗል እንዳልላችሁ። አልዳነም። በወር በሁለት ወር አንዴ ይጥለዋል። ክኒኑ ሆዳም አድርጎታል፤ ወፍሯል፤ የኋላ እግሩ አንዳንዴ ይከዳዋል፤ ደረጃውን ተሸክሜ ነው የማወጣው። ሪዙ በቅሏል። ክብሪት ሲጫር ግን ተነሥቶ ከቤት ይወጣል። መድኃኒቱ ደባርቅ ሲጠፋ ዳባት፣ ዳባት ሲጠፋ ጎንደር በየተራ እንሄዳለን፤ አንድ ጊዜ እኔ፣ አንድ ጊዜ ሙላው። ሙላው መጀመሪያ ግድም የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ «ለማን ነው?» ሲለው፣ «ለእንየው ውሻ» ይል ነበር አሉ። ሰውዬው፣ «ይህ ውሻ ስንት ክኒን ነው የሚውጠው?» ብሎ ደንቆት ነበር። ባለፈው ወር ተራው የሙላው ሲሆን ታንጉት ራሷ ሄደች። «ለማን ነው?» አላት። «ለእኔ ነው» አለችው። ስትመለስ ወፍጮ ቤት ጎራ ብላ ጤፏን አስፈጭታ ገባች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። ውሻ ምኑን ይደብቅ? ወፍጮ ቤት መካከል፣ በአሥራ አራት ሰው ፊት ዘፍ አለ። ስለዚህ በእኛ ሰፈር ቀድሞ የታከመው እሱ ነው። ሰው ከኋላው ተሰልፏል። ከታንጉት ጀምሮ እስካሁን ሦስት ቆጥሬያለሁ።