ለመጣም ለሞተም የተቀመጠ ጌሾ

ጠላ የሚጠጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጠጥቶ ዝም ይላል። ሁለተኛው እየጠጣ ያማል፤ «ዛሬ ቀጠነ፣ ትናንት ኮመጠጠ፣ አምና በዚህ ወር የጠጣነውማ ምን ወጣለት!» እያለ አምስተኛውን ጣሳ የሚያስቀዳው እሱ ነው። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ፤ ሸሽጌ የት ልደርስ። ዛሬ ዛሬ ልጆቼ ጎንደር ከተማ ወንበሩ ሰው የሚያሰምጥ ቤት ይወስዱኝና ጠርሙሱ ያላበው ቢራ አስቀርበው «አባባ፣ እንዴት ነው?» ይሉኛል። «ጥሩ ነው» እላቸዋለሁ። ሌላ ምን እላለሁ? ጠማቂውን አላውቀው፣ በምን ልማው? የማያሙት መጠጥ ደግሞ፣ እናንተ እንደፈለጋችሁ በሉኝ፣ ጉሮሮ ያርሳል እንጂ ሆድ አይገባም።

ስለዚህ የጠጅቱን ጠላ ላማላችሁ።

ጠጅቱ፣ ስሟ ጠጅ ሥራዋ ጠላ የሆነ የጭልጋ ሴት ናት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ገዳሪፍ ከገባነው ስደተኞች አንዷ ነበረች። ቀን ቀን በእህል መጋዘኖቹ ደጅ ከሌሎች ሴቶች ጋር ማሽላ ታበጥራለች፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ከከተማው ዳር፣ እኛ ሐበሾች ተጠጋግተን በሰፈርንበት፣ በሣር ጎጆዋ ውስጥ ጠላ ትሸጣለች። ያን ጊዜ ሱዳን ውስጥ መጠጥ መጥመቅም መጠጣትም በጅራፍ ያስቀጣ ነበርና፣ እንደ አገራችን እንጨት ላይ ጣሳ ደፍቶ ደጅ ማቆም አይታሰብም። ጠጅቱ ጠላው ሲደርስላት የተቀደደ ወንፊት በሩ ላይ ትሰቅላለች። ወንፊቱን ያየ ሰላምታ እየሰጠ ይገባል። ዓስከሪ፣ የሱዳን ፖሊስ፣ መጣ የተባለ እንደሆነ ወንፊቱ ይወርድና ጣሳው ከጆንያ ሥር ይገባል፤ እኛም በአንድ አፍታ ለቅሶ የመጣን ሰዎች እንሆናለን። በዚያ ዓመት ለለቅሶ የሚሆን ፊት አንቸገርም ነበር።

«ሰው በረሃብ በሚረግፍበት ዘመን እህል ጠላ ይሆናል ወይ?» የሚል አይጠፋም። እኛም ተጠያይቀንበታል። ጠጅቱ የምትጠምቀው ከመጋዘኑ ወለል ተጠርጎ ለአበጣሪዎቹ የሚሰጣቸውን፣ አፈር የበዛበትን ማሽላ ነው። ዋናው ጠላ ከተቀዳ በኋላ ደግሞ ድፍድፉ ላይ ውኃ ጨምራ ስትጨምቀው የሚወጣውን ቅጥን ያለ ቅራሪ አትሸጥም። እሱ ከድንበር አዲስ ለደረሰ መንገደኛ ነው፤ በነጻ። ስንቱ በዚያ ቅራሪ ነፍስ እንደዘራ እኔ ነኝ የማውቀው፣ አንዱ እኔ ስለነበርኩ።

መቀመጫችን የሰሊጥ ጆንያ ነበር። እኔ በሰሊጥ ገበያው ተሸካሚ ስለነበርኩ፣ ሳምንቱን ሙሉ የተሸከምኩት ጆንያ እሑድ በተራው ይሸከመኛል። ምግቡ የማሽላና የሽምብራ ንፍሮ ነው፤ ሲቀናን ዌካ የሚሉት የደረቀ ባሚያ ወጥ በማሽላ እንጀራ። ጠጅቱ እንደ ደንቡ ጣሳውን ከመስጠቷ በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ከዚያም ፊቷን ሳታጨማድድ ታቀብላለች። ጀግንነቷ እዚያ ላይ ነው።

ጠላው ጌሾ የለውማ! ጌሾ የደጋ ቅጠል ነው፤ ከአገር ቤት ካልመጣ ገዳሪፍ ውስጥ በወርቅም አይገኝ፣ መንገዱን ደግሞ ጦርነቱ ዘግቶታል። ጌሾ የሌለው ጠላ ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ? ይጣፍጣል፣ ይኮመጥጣል፣ ሰውየው መራራውን ሲጠብቅ ሲጠብቅ ጣሳው ያልቃል። በዚያ ዘመን ኑሮው ሁሉ መሮን ጠላችን ብቻ አልመር አለን።

ፈጽሞ ጠፍቶ ቢሆን ባልከፋ። ነገር ግን እዚያው ጎጆ ውስጥ፣ ከጋኑ በላይ፣ ምሰሶው ላይ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ እስር ጌሾ ተሰቅሏል። ሌሎቹ ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሲሰደዱ ጠጅቱ ልጅ ስላልነበራት ያዘለችው እሱን ነው። «ጠጅቱ ጌሾውን ለጠላው ታሳየዋለች እንጂ አትጨምርለትም» እያልን እናሾፍ ነበር። እሷም ከእኛ ጋር ትስቃለች። አትነካውም እንጂ።

ባሏ አያ ፈንታ ጭልጋ ቀርቷል። ሁለት በሬዎች ነበሩት፤ «ዓይናቸው እያየኝ ትቻቸው አልሄድም፣ የሚሆኑትን ሆነው እመጣለሁ» ብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ጌሾው የሱ ነው። «ከመጣ መቀበያው፣ ከሞተ ተዝካሩ ነው፤ ያለ ጌሾ አልቀበለውም፣ ያለ ጌሾም አልሸኘውም» ትላለች ጠጅቱ። እኛም በአንድ አፍ «ይመጣል! ይመጣል!» እንላታለን። በሆዳችን ግን አንዱን ይሁንና ይለይለት የሚል ነበረብን። ቢመጣም ጠላ አለ፣ ቢሞትም ጠላ አለ፤ እኛን የጎዳን ሰውየው በመካከል ተንጠልጥሎ መቅረቱ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ ይህን ግን ብቅሉም ሳያወጣው ይኸው ስንት ዓመት ይዤው ኖርኩ።

አንድ እሑድ ከሎሪ ሲወርድ ያገኘሁትን መንገደኛ ቅራሪ እንዲጠጣ ብዬ ወደ ጠጅቱ ወሰድኩት። የቋራ ሰው ነው። ሁለት ጣሳ ከጠጣ በኋላ ጠጅቱ መጤውን ሁሉ የምትጠይቀውን ጠየቀችው።

«በመንገድህ የጭልጋ ሰው አላጋጠመህም?»

«ስንቱ፣ እትዬ። አንዱንማ አርማጭሆ ቆላ ላይ ሲቀብሩት ደርሼ አፈር አልብሻለሁ። የጭልጋ ሰው ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«ስሙስ?»

«በዚያ መንገድ ማን ስም ይጠይቃል? ስደርስ በጋቢ ተገንዞ ነበር።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት! «ጋቢው ምን ዓይነት ነው?» አልኩት እኔ።

«ጋቢ ነዋ። ብቻ መሐሉ ላይ ስፌቱ ሰማያዊ ክር ነው።»

የጠጅቱ ጣሳ ከእጇ ወደቀ። ያን ጋቢ ፈትላ ያሠራችው እሷ ናት፤ ስትገጣጥመው ነጭ ክር አልቆባት በሰማያዊ ጨርሳው ባሏ ሲስቅባት የኖረበት ነው። በጭልጋ ሁለተኛ የለውም። ወንፊቱ ወረደ። በዚያን ዕለት ለቅሶ መምሰል አላስፈለገንም።

ሁለት ቀን አልቅሳ በሦስተኛው ቀን እንባዋን ጠረገችና «ፊቱን አላየውም እኮ» አለች። «ጋቢ ይሰረቃል። ጋቢ ይሸጣል። ጋቢ ለሰው ይሰጣል።» የሰፈሩ ቄስም ዳኛም አስታራቂም የነበሩት የወገራው ሰው መሪጌታ እንዳላማው ናቸው፤ እሳቸው «ልጄ፣ ነፍስ መንገድ ላይ አታቁሚ። ሰውየው እንደነገረን አርባው ሊሞላ ሃያ ቀን ነው የቀረው» አሏት። ሁላችንም «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አልን። እኔማ ከሁሉ ብሼ፣ «እትዬ ጠጅቱ፣ በዚህ ክፉ ዘመን ጋቢውን አውልቆ ለሰው የሚሰጥ ማን አለ? አያ ፈንታ አይሰጥም» ብዬ መሰከርኩ። ልብ በሉ፣ አያ ፈንታን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። የማላውቀውን ሰው፣ ያውም ሞተ በተባለበት ሳምንት፣ ንፉግ ነው ብዬ የመሰከርኩት ጉሮሮዬ ስለደረቀ ነው።

ጠጉሯን ተላጨች። ቀሚሷን ጥቁር ነከረች። ጌሾውንም ከምሰሶው አወረደች።

የዚያ ሰሞን ሽታ! ጥንስሱ ሲፈላ ከገበያ የሚመለሰው ሐበሻ ሁሉ እግሩ እየሳበው በጠጅቱ ደጅ ያልፋል። አንዱ ሽማግሌ ደጁ ላይ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያሸት አይቼ አፍሬ አለፍኩት፤ ተመልሼ ግን አጠገቡ ቆምኩ። ያ ሽታ የጠላ ብቻ አይደለም፤ የሰርግ ነው፣ የክርስትና ነው፣ የጥምቀት ሰሞን ነው፣ ድፍን አገሬ ነው። ረሃብና ጅራፍ በበዛበት ዓመት ደስ አለኝ ብል ትታዘቡኛላችሁ። ደስ ብሎኛል።

በአርባው ቀን መሪጌታ የፈንታን የክርስትና ስም እየጠሩ ጸሎት አደረሱ፤ ከዚያ ጠጣን። መራራ ነው! በሕይወቴ ያላማሁት ጠላ እሱ ብቻ ነው። በሦስተኛው ጣሳ «አያ ፈንታ እንዴት ያለ ሰው ነበር!» ብዬ አለቀስኩ። ጠጅቱ በዚያን ቀን በመዳፏ አልቀመሰችም። ሳትቀምስ እየቀዳች ስታቀብለን ዋለች፣ እኛም ምን ሆንሽ ያልናት የለም።

ከተዝካሩ በአራተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ መሪጌታና እኔ ጠጅቱን ልናጽናና ሄደን ተቀምጠናል፤ የተረፈ ነገር እንዳለም ልናይ። ሎሪ ሲቆም ሰማን። ቆየት ብሎ አንድ ከሲታ ሰው በዱላው ተደግፎ ደጁ ላይ ቆመና «ቤቶች!» አለ።

ጠጅቱ አየችው። አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። መንገደኛ ጉሮሮውን ሳያርስ አይጠየቅምና ዞር ብላ የተዝካሩ ድፍድፍ ላይ ውኃ ጨመረች፣ አሸች፣ ጨመቀች፣ ጣሳውን ሞላች። ከዚያም በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፤ በሁለት እጇም ሰጠችው። በሁለት እጇ ለማንም መጤ ሰጥታ አታውቅምና፣ ያን ጊዜ መሪጌታም እኔም ማን እንደሆነ ገባን። ፈንታ ነበር።

ጣሳውን ሳያወርድ ጨለጠው። ጺሙን ጠርጎ የተላጨ ራሷን አየ፣ ጥቁር ቀሚሷን አየ፣ ጣሳውንም አገላብጦ አየ።

«ጌሾ አለው» አለ ቀስ ብሎ። «ያ ጌሾ ነው። ማን ሞቶብሽ ነው፣ ጠጅቱ?»

መሪጌታ አቀረቀሩ። እኔ የተቀመጥኩበት ጆንያ ቢውጠኝ በወደድኩ።

«ጋቢህስ?» አለችው።

«ጋቢዬማ...» አለና በሩ ሥር ተቀመጠ። «አርማጭሆ ላይ ከእኛው መንደር ማዶ የመጣ አንድ ሰው ሞቶ አገኘን። አገሩን ሰዎች ነገሩኝ፣ ስሙን ግን የሚያውቅ የለም። ዕራቁቱን ከሚገባ ብዬ አለበስኩት። ከዚያ እኔንም ወባ ጣለችኝና ወድ ኤል ሒለው ከሚሉት የስደተኛ ሰፈር ስማቅቅ ከረምኩ።» ቀና ብሎ አያት። «ተቆጣሽ እንዴ? ያን ሰማያዊ ክር እኮ አንቺም አትወጂውም ነበር።»

ጠጅቱ ፊቷን ጠረገች። እንባዋ ግን አላባራም።

«እንግዲያው ተዝካሩ የሱ ነው» አለች። «ጋቢህን የለበሰው ሰውዬ ነው።»

ፈንታ ራሱን ነቀነቀ። «እሰይ፣ ደግ አደረግሽ። ሰው የሌለው ሰው ነበር። ነፍስ ይማር» አለና ጣሳውን ዘረጋ። «ድገሚኝ።»

መሪጌታ በፈንታ ስም ያደረሱት ጸሎት ሳያሳስባቸው አልቀረም፤ ጥቂት አጉረመረሙና «ስሙን እኛ ብንስት እግዜር ባለቤቱን አይስትም» ብለው እሳቸውም ጣሳቸውን ዘረጉ። እኔ ግን ልዘረጋ አልቻልኩም። አያ ፈንታ አይሰጥም ብዬ የመሰከርኩባትን ምላሴን ነክሼ ወጣሁ።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ፤ ለዚያ ስም አልባ ሰው ደግሶለታል፣ በአገሩ ቢሞት እንኳ ያን የመሰለ ተዝካር አያገኝም ነበር። ፈንታም ነገሩን ሁሉ ከሰማ በኋላ፣ «በአገራችን በቁሙ ተዝካሩን የሚያወጣ ባለጸጋ ነው፤ እኔ ሁለት በሬ ሞቶብኝ ባለጸጋ ሆንኩ» እያለ ያስቀን ነበር። አንጀቷ ያረረው ጠጅቱ ናት። «የስንት ወር ናፍቆቴን በቅራሪ ተቀበልኩት» ትላለች፣ ጠጉሯ አድጎ ከተሠራች በኋላም።

አያ ፈንታ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ወደ አገር ተመልሰው፣ አርሶ፣ አርጅቶ፣ ጭልጋ በገዛ አልጋው ላይ አረፈ። ለተዝካሩ ሄድኩ። ጌሾው ከጓሮ ነው፤ እንደ ልብ። ጠጅቱ ጎብጣለች፤ ግን ማንም እንዲቀዳላት አልፈቀደችም፤ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ሰጠችኝ። ጠጣሁ። የቆየ በሽታ አይለቅምና፣ «እትዬ ጠጅቱ፣ ትንሽ አልቀጠነም?» አልኳት።

«ይቅጠና!» አለች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ዋናውን ገዳሪፍ ጠጥታችሁት የለ? ይሄ ቅራሪው ነው።»