በምስጋና የተበላሸ ምርመራ

የእኛን አገር ሰው እንዴት አደርክ ቢሉት መልሱ ያው ነው፤ ክርስቲያኑ ተመስገን፣ ሙስሊሙ አልሃምዱሊላህ። በቃሬዛ የሚሸከሙትም እንዲሁ ይላል። ፈጣሪ ያሳለፈውን ሕመም እንደገና ማንሳት የሸኙትን ክፉ እንግዳ ከመንገድ እንደ መጥራት ነው። ታዲያ ይህ ጸባያችን ሰው ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል?

የጎረቤቴ የሰይድ ልጅ ዘሃራ እዚሁ ቆቦ አድጋ አሁን ሩቅ ከተማ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራለች። ደንጊ የሚሉት የትንኝ ትኩሳት ይዞት የሚያውቅን ሰው ከደሙ የሚለይ መመርመሪያ ስትሠራ ነበር። እንዳስረዳችኝ፣ ደም በሽታውን ሲዋጋ ፀረ እንግዳ አካል የሚባል ምልክት ያስቀራል፤ መመርመሪያው እሱን ይፈልጋል። ለመፈተኛ ግን በሽታው ነክቶት የማያውቅ ሰው ደም ያስፈልጋታል። በዚያ ደም ላይ "የለም" ካለ ሥራዋ ይቀጥላል፤ አለዚያ ይዘጋል።

ሰፈራችን መጥታ፣ ብርቱ ትኩሳትና ቁርጥማት ይዟችሁ ያውቃል ወይ እያለች አንድ በአንድ ጠየቀች። እኛም ተመስገን፣ ምን ሆነን አልናት። አባቷ ሳይቀር አልሃምዱሊላህ ብሎ ክንዱን ዘረጋ። እኔማ ለሥራዋ ጸልዬ ነው የሰጠሁት።

ከወራት በኋላ ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች። መመርመሪያው የእኛን የጤነኞቹን ደም አብዛኛውን "አለበት" ብሎታል። አለቆቿም ይኼ ያገኘውን ሁሉ የሚወነጅል ነው ብለው ሥራውን ዘጉባት። ይህን ስትነግረን ባለቤቴ እናኑ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተ ሰው፣ ያን ክረምት ትኩሳትና ቁርጥማት ይዞህ ጎንህን ማዞር አቅቶህ እኔ አልነበርሁ የማገላብጥህ?"

እሱማ ንዳድ ነው፣ እግዜር አሳለፈው አልኋት። ሰይድም እየከበደው፣ እኔንም ጥሎኝ ነበር አለ። ዘሃራም እንዲህ አለችኝ።

"ጋሼ፣ ምስጋናውን ለፈጣሪ፣ ሕመሙን ለእኔ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?"

ከዚያ ወዲያማ የሰፈሩ አፍ ተከፈተ። ጥርሱን ያመመው፣ ቡዳ የበላው፣ አህያ የረገጠችው ሁሉ ሕመሙን ሊናገር ደጇ ተሰለፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ለአለቆቿ ብታስረዳም፣ ዛሬ ጤነኛ ነገ ታማሚ ነን በሚል ሰው ቃል ሥራ አይከፈትም አሏት።

ጸሎተኛ በሞላበት ሰፈር እውነቱን የተናገረ አንድ መመርመሪያ ብቻ ነበር፤ እሱኑ ውሸታም ነው ብለው ጣሉት።