የምግብ ኮሚቴው ሁለት ድስት

እኛ ስለ ጉልበት ያለን እምነት ከስጋ አልፎ አያውቅም። ልጅ ከሳ? ስጋ። አራስ ደከመች? ስጋ። ኳስ ተጫዋች ጎል ሳተ? «ምን ያድርግ፣ ስጋ አልበላማ!» በደርግ ዘመን ደግሞ ያለ ኮሚቴ የሚሆን ነገር አልነበረምና፣ የድሬዳዋ ቀበሌያችን ቡድን ለዋንጫ ሲደርስ የምግብ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው እኔ ነኝ። አይሳቁ! ኳስ መምታት የማይችል ሰው በሌላ በኩል ማገልገል አለበት።

አሰልጣኛችን ጋሽ መኮንን፣ «ከጨዋታ በፊት ቀለል ያለ ነገር ነው የሚበላው፤ በዚህ ሙቀት ስጋ ሆድ ውስጥ ይተኛል» ብለው ለምነውኝ ነበር። ማን ሰምቷቸው! ተጋጣሚያችን ፍሪዳ መጣሉን ስሰማ፣ «ልጆቻችን ከተሸነፉ ሰፈሩን ለቅቄ እሄዳለሁ!» ብዬ በሰው ሁሉ ፊት ማልኩና ሁለት በግ አስመጣሁ። ለምን ሁለት እንደሆነ የድሬ ሰው አይጠይቅም፤ ለሌላው ልንገርዎ፤ ከአሥራ አንዱ ስድስቱ ሙስሊም፣ አምስቱ ክርስቲያን ናቸው። ኳስ አብረን እንጫወታለን፣ ጫት ይዘን በርጫ አብረን እንቀመጣለን፣ ሰርግ አብረን እንጨፍራለን፤ ስጋ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም በየቢላዋው ነው።

እሁድ ረፋድ በአንድ ግቢ የሰፈራችን ወጥ ሠሪዎች፣ እትዬ አስካለ በአንዱ ጉልቻ፣ አዴ ፋጡማ በሌላው፣ ከቀበሌ አዳራሽ በመጡ ሁለት መንታ ድስቶች ቀይ ወጣቸውን ያንተከትኩ ጀመር። ሽታው! ደጋፊዎች ከበሮ እየደለቁ በደጅ ሲያልፉ ግን ሁለቱም እልል እያሉ ወደ በር ሮጡ። ይሄኔ ተከላካያችን ጀማል፣ ወጡ እንዳያርር ብሎ ሁለቱንም ድስት አውርዶ ጥላ ሥር ጎን ለጎን አስቀመጠ። ደግ ልጅ!

«አንተ ጀማል፣ የኔ የቱ ነው?» አሉ አዴ ፋጡማ ሲመለሱ።

«አቦ፣ ሁለቱም ወጥ አይደል እንዴ?»

እትዬ አስካለ ክዳን ከፍተው አዩ፣ አዴ ፋጡማ አሸተቱ። ቀምሶ የሚለይም አልተገኘም፤ ቀማሹ ቢሳሳትስ? አሥራ አንድ የራባቸው ጎረምሶች ሁለት ድስት ሙሉ ስጋ ከበው እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። እኔ መሐላዬ ትዝ ብሎኝ ላብ አጠመቀኝ።

«ፓስታ አለኝ» አሉ አዴ ፋጡማ። ድሬ ላይ ፓስታ የሌለበት ቤት የት አለ! በቲማቲምና በሽንኩርት ብቻ ተሠራ፣ ከከዚራ ሰፈር ብርቱካን መጣ፤ ቡድኑም ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ትሪ በላ፣ ያውም እያጉረመረመ። ጋሽ መኮንን ብቻ ፈገግ ይሉ ነበር።

ከዚያማ ምን ልበልዎ! በሁለተኛው አጋማሽ ፍሪዳ የበሉት ወገባቸውን ይዘው ሲያለከልኩ የኛዎቹ በረሩ! ጀማል ራሱ ኳሷን ከኋላ ይዞ ወጣ፣ አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ አገባ! እየሮጠ መጥቶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ፤ ሁለታችንም አለቀስን። አንድ ለባዶ! እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይሄ ነው። ሰዉም የፓስታውን ጥበብ ለኔ ሰጠኝ፤ እኔም አላስተባበልኩም።

ዋንጫውን ተቀበልን። ለአሸናፊው የታሰበው ሽልማትም እየተጎተተ ሜዳ ገባ፤ የሰባ ሰንጋ። አንድ ሰንጋ። ጭብጨባችን ቀስ በቀስ ቀዘቀዘና እርስ በርስ ተያየን።

ማን ይረደው? ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ስብሰባውን እስኪጨርስ ሰንጋው ቀበሌው ግቢ ታስሮ፣ ከሁላችንም በላይ እየበላ ይወፍር ጀመር፤ እኛም ፓስታችንን ቀጠልን።