የገልባጩ መኪና

የዚያ ዓመት ክረምት ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ነበር። ልብስ አይደርቅም፣ ግድግዳው ያልበዋል። እኔ ደግሞ የልጄን የገፋ ሆድ እያየሁ፣ ጎርፉ መንገዱን ሳይቆርጠው ትገላገልልኝ እያልኩ ልቤ ተሰቅሎ ይውላል።

በክፉ የሚጠራ ሰው የሌለው ሰፈር የለም፤ ከሌለውም ፈልጎ ያበጃል። ሰው ስመ ጥር እስኪባል ፀጉሩ ይሸብታል። በክፉ ለመታወቅ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። የእኛው ሹፌር ክቡር አቶ ገልባጩም እንዲሁ ነው የታወቁት፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አውቶቡሳቸው ጭቃ ላይ ተንሸራቶ በጎኑ ተኛ። የሞተ የለም። የአንድ ነጋዴ እግር ተሰበረ፣ ሁለት ቅርጫት እንቁላልም አለቀ።

ስሙን ማን አወጣው? እኔ። መናኸሪያው ውስጥ ቲኬት ቆራጭ ነበርኩ። በማግስቱ ወደ መስኮቴ የመጣውን ሁሉ "የገልባጩ መኪና ነው፣ ይሁንላችሁ?" አልኩት። ለሳቅ ነበር። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባል የለ? በሳምንቱ የማያውቀው ሕፃን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አቶ ገልባጩ ልማድ አመጡ። ድልድይ ሲደርሱ ሞተሩን ያጠፉና "ውረዱ! ድልድይና አማት በቀስታ ነው!" ይላሉ። ተሳፋሪው በእግሩ ይሻገራል፣ እሳቸው ባዶውን መኪና ብቻቸውን ያሻግሩታል። ማን ያመስግናቸው! "አያችሁ፣ እሱም ራሱን አያምንም" ተባለ።

ልጄን ምጥ ሲይዛት፣ ሐኪም ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው፤ መናኸሪያው ውስጥ የቆመው መኪና ደግሞ አንድ ብቻ። የማን እንደሆነ አልነግራችሁም።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ውሃው ጣውላውን ከሥር ይልሰዋል። ሞተሩ ጠፋ። ሰው እያጉረመረመ ወረደ። ልጄ የወንበሩን ብረት ጨብጣ "እማዬ፣ አልችልም" አለች።

"ወንድሜ፣ መራመድ አትችልም" አልኩ።

አቶ ገልባጩ ወርደው በጉልበታቸው እየዳሁ ጣውላውን አንድ በአንድ በጡጫ መቱ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። ተመልሰው መሪውን ያዙ።

"እትዬ፣ ሰው ምን እንደሚለኝ ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ።"

"ማን እንደጀመረውስ?"

"እኔ ነኝ።"

"አውቄያለሁ። የተሳፋሪ ዝርዝር ሲሰጡኝ ዓይን ዓይኔን አያዩም ነበር። በሉ አሁን፣ ይወርዳሉ ወይስ አብረን እንሻገር?"

"ልጄን ጥዬ ወዴት ልውረድ?"

"እንግዲያው ያጫውቱኝ። ዝም ሲባል እፈራለሁ።"

ምን እንዳወራሁ እንጃ፤ ስለ ጎረቤቴ ድመት ይመስለኛል። ጣውላው ይንቋቋል፣ ልጄ ትጮሃለች፣ እኔ ድመቷ ወተት እንደደፋች እተርካለሁ። አቶ ገልባጩ "እሺ፣ ከዚያስ?" ይላሉ፤ ላባቸው ከአፍንጫቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። ማዶ ስንደርስ ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፉ። ልጄ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ።

ከዚያ በኋላ ያን ስም ለመሻር ያልሆንኩት የለም። በመስኮቴ "የጠንቃቃው ሹፌር መኪና" ብል ሰው "የማን?" ይለኛል። "የገልባጩ" ስል ነው የሚገባው። ከአፌ የወጣውን መልሼ መዋጥ አቃተኝ። እኔ ራሴ ግን የእሳቸው መኪና ካልሆነ አልሳፈርም እያልኩ ስንቱን ቀን በዝናብ ቆሜ ጠብቄያለሁ።

አሁን መንዳት ትተዋል። አምና አንዱን የድሮ ረዳት አግኝቼ ስለ እሳቸው ስጠይቀው "ገልባጩን ነው?" አለኝ። "አዎ" አልኩ፣ ምን ልበል። ከወንዙ ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ እህታቸው ቤት ይኖራሉ አለኝ።