አጁሉ ወለተ ኦቻላ የጸሎቱን ከበባ ሰብራ ትንፋሿን ያስመለሰችበት ዜና

የቀበሌያችን ትራንስፎርመር ለሁለተኛ ጊዜ በተቃጠለ በዓመቱ፣ ባሮ ሆዱን አጉድሎ አሸዋውን ለፀሐይ ባሰጣበት በወርኃ የካቲት፣ አስም በአጁሉ ደረት ላይ በነገሠ በሰባተኛው ዓመተ መንግሥቱ የተደረገው ይህ ነው፤ የሰማ ይመስክር፣ ያልሰማ ጆሮውን ያዘንብል፣ የሚያስልም ካለ ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ያስል።

እርሷም አጁሉ ወለተ ኦቻላ፣ መዋዒተ አቧራ፣ ጸዋሪተ ሳል፣ እግዝእተ መርፌ ወክር፣ በጋምቤላ ገበያ ዳር በቆርቆሮ በረንዳ ላይ የተተከለው የስፌት መኪና ዙፋኗ የሆነላት፣ ከኢታንግ እስከ አቦቦ ያሉትን ሙሽሮች ወገብ በሜትሯ የለካች፣ የባሎቻቸውንም ልክ በዓይኗ ብቻ የነገረች፣ ምላሷ ከመቀሷ ቀድሞ የሚቆርጥ እንዲህ ያለች ኃያል ነበረች። ነገር ግን በቁልፍ ማስቀመጫው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከሸሚዝ ቁልፎቹ ሥር፣ ሰማያዊ ፓፍ ተቀብሮ ነበር፤ ይህም ተጭነው ወደ አፍ የሚስቡት፣ የተዘጋውን ደረት የሚከፍት መድኃኒት ነው፤ ስለ እርሱም ከእርሷና ከጤና ጣቢያው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የተቀበረበትም ምክንያት የታወቀ ነው። ፓፍ የጀመረ አይተውም፣ ሱስ ነው የሚሉ በሰፈሩ ሞልተው ነበርና፤ ይህንንም የሚሉት ሲጋራቸውን ከአንዱ ጣት ወደ ሌላው እያዛወሩ ነበር። ሳሏ በሰፋችው ጨርቅ ይጋባል የሚሉም አልጠፉም። ስለዚህ ደረቷ በጠበበ ጊዜ ሁሉ ቆርቆሮዋን ታቅፋ፣ መርፌ ወደቀብኝ ብላ ከመኪናው ሥር ትገባለች፤ በዚያም ተንበርክካ ፓፏን ስባ፣ ፊቷን አስተካክላ፣ መርፌ ያገኘች መስላ ትወጣለች። የሰፈሩም ሴቶች፣ ይህች ልጅ ስፌቱን ታውቃለች፣ መርፌ መያዝ ግን ማንም አላስተማራትም ብለው አዘኑላት።

በዚያም ሰሞን የቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ኅብረት ለጉባኤው የሚለብሰውን ቀሚስ ሊያሰፋ ጨርቁን ገዝቶ ነበር። የኅብረቱ መሪ እማማ ኛሙዎች፣ ጸሎታቸው ረጅም፣ ክንዳቸው ሰፊ፣ ጨርቁን ለማን እንደሚሰጡ እሑድ ሊናገሩ ነበር፤ ወይ ለአጁሉ፣ ወይ ከድልድዩ ማዶ ላለው ለነጂብ፣ ሳንባው እንደ ወናፍ ለሆነው፣ እየሰፋ ለሚያፏጨው ልብስ ሰፊ። እንግዲህ አጁሉ እስከ እሑድ ድረስ ጤነኛ መስላ መቆየት ነበረባት፤ ይህን ያህል ጨርቅ ወደ በረንዳዋ በዕድሜዋ መጥቶ አያውቅምና።

ከደጋ መጥተው በጤና ጣቢያው የተሾሙት ሲስተር ሙሉብርሃንም ቀደም ብለው አዋጅ አውጀውባት ነበር፤ ቡናማዋን ፓፍ ደህና ብትሆኚም ጠዋትና ማታ፣ ሰማያዊዋን ሲጨንቅሽ፣ ሰማያዊዋም ከአንቺ አትለይ የሚል ነው። አጁሉ ግን ደህና ሆኖ መድኃኒት መውሰድ በየካቲት ቦቲ ጫማ ማድረግ ነው ብላ ፈረደች፤ ቡናማዋንም ከነካርቶኗ ከበዓል ጉትቻዋ ጋር አስቀመጠቻት። ኩራት እንዲህ ነው፤ መድኃኒቱን ያከብረዋል እንጂ አይወስደውም።

ወእምዝ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ ኦባንግ፣ የድምፅ ማጉያ ጌታ፣ በባጃጅ ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ስሙ! የዚህ ቀበሌ ሰው ሁሉ ስሙ። ቅዳሜ ዘመቻ አለ። የጽዳት ዘመቻ ነው። አንድ ቤት አንድ ሰው፣ አንድ ሰው አንድ መጥረጊያ። ታምሜ ነው የሚል ወረቀት ያምጣ፣ በሰው ፊት እናነባለን። እኔ ራሴ ወገቤን ያመኛል፣ እመጣለሁ።»

አጁሉም ወረቀቱ በሰው ፊት ይነበባል የሚለውን በሰማች ጊዜ መጥረጊያዋን አነሣች። ለዘመቻውም አዲስ ቀሚስ ለብሳ ወጣች፤ ለአገር ሁሉ ኪስ የምትሰፋው እርሷ ለዚያ ቀሚስ ኪስ አልሰፋችለትምና ፓፉ በቆርቆሮው ውስጥ ቀረ።

የሠራዊቱም አሰላለፍ እንዲህ ነበረ፦ በግንባር አቶ ኦባንግ ከነድምፅ ማጉያቸው፤ በቀኝ ክንፍ እማማ ኛሙዎች ከሴቶች ኅብረት ጋር፣ እየዘመሩ፤ በግራ ክንፍ ከደጋ የመጡት መምህራን፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ከመጥረግ ይልቅ ስለ መጥረግ እየተወያዩ፤ በመካከል ነጂብ ከማዶ ሳይጠራ መጥቶ፣ እያፏጨ፤ በደጀን ማንም ያልመዘገባቸው ፍየሎች። ውሃ አርከፍክፎ መጥረግን ግን ከዚህ ሁሉ ሠራዊት አንድ ሰው አላሰበም። ስለዚህ አምና ከመንገድ ወደ ደጃፍ የተጠረገው አቧራ ዘንድሮ ከደጃፍ ወደ መንገድ በክብር ተመለሰ፤ ፀሐይም ደበዘዘች። አቶ ኦባንግም ድሉን ለመፈጸም የማንጎ ቅጠሉና ፌስታሉ ተከምሮ እሳት እንዲለቀቅበት አዘዙ፤ ከወንዙም ማዶ በየበጋው ሣር የሚያቃጥሉት የለቀቁት ጭስ ወንድሙን አይቶ ተሻግሮ መጣ።

ያን ጊዜ የአጁሉ ደረት እንደ ጠባብ ቀሚስ ያዛት። እንደ ልማዷም መርፌ ወደቀብኝ ብላ ጎንበስ አለች፤ ነገር ግን በአስፋልቱ መካከል፣ መጥረጊያ ይዛ ነበረችና ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከትንፋሿ የድመት ግልገል ድምፅ ወጣ። መጥረጊያዋም ወደቀ፣ እርሷም በድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ዘመቻውም ቆመ።

እነሆም ከአቧራው የከፋው መጣ፤ እርሱም ፍቅር ነው። የሴቶች ኅብረት የታመመ ባየ ጊዜ ይከባል፣ እጁንም ይጭናል፤ ሕጉ ይህ ነውና። እንደ ግንብ ከበቧት፤ ከፊት ክንድ፣ ከኋላ ሆድ፣ ከላይ መዳፍ፣ ነፋስ የሚገባበት ሽንቁር አልቀረም። እማማ ኛሙዎችም በታላቅ ድምፅ አወጁ፦

«አንተ የሳል መንፈስ፣ ከልጃችን ውጣ። ወደ ባሮ ግባ።»

ሁሉም አሜን አሉ፤ ዓሦቹ ምን በደሉ ያለ አልነበረም። አጁሉ ፓፌን አምጡልኝ ልትል ወደደች፤ ነገር ግን ያቺ ገበያውን በቃል የምታስተዳድረው ሴት አንድ ቃል አጣች። እጇን ብታነሣ መንፈስ ነካት ብለው ሃሌ ሉያ አሉ። ወደ በረንዳዋ ብትጠቁም ለቤቷ ጸለዩላት፤ ደጋግማ ብትጠቁም ለስፌት መኪናዋ በረከትን ጨመሩ። ራሷን ብትነቀንቅ፣ ሊወጣ ሲል እንዲህ ያንገላታል ብለው ይበልጥ ተጠጉ። ከንፈሯም ሰማያዊ መሆን ጀመረ፤ ጨዋታው ከዚህ ላይ አለቀ።

በዚህን ጊዜ ያቺ ኃያል ዘዴዋን አሰበች። ሰባት ዓመት ከመኪና ሥር የገባች ሴት ዝቅ ማለትን ታውቃለችና፣ ከመዳፎቹ ሥር ሾልካ ወረደች፤ በአራት እግሯም በቀሚሶች መካከል፣ በነጠላ ጫማዎችና በተሰነጠቁ ተረከዞች ሸለቆ አልፋ፣ በእማማ ኛሙዎች ጉልበቶች መካከል ባለው ጠባብ በር ወጣች። ኅብረቱም ባዶውን ድንጋይ ጥቂት ጊዜ ጸለየለት። እርሷ ግን ቦዩን ተሻገረች፣ አንድ ፍየል ገፍታ አለፈች፣ በረንዳዋ ላይ ደርሳ ቆርቆሮውን ገለበጠች፤ ቁልፎቹም እንደ በረዶ በመንገዱ ላይ ተበተኑ። ፓፉን ይዛ ነቀነቀች፣ ያላትን ትንፋሽ አወጣች፤ በሰፈሩ ሁሉ ፊት፣ በነጂብም ፊት፣ ከመኪናው ሥር ሳይሆን በዙፋኗ ላይ ተቀምጣ፣ ተጭና ሳበች። ያዘችው፣ ለቀቀችው፣ ጠበቀች፣ ደገመች።

ነጂብ ማፏጨቱን ተወ። አጁሉም ሰው ሁሉ ያየውን ማየቱን አወቀች፤ ጨርቁ እንደሄደ ቆጠረችው። ትንፋሿ በተመለሰ ጊዜ ግን ከዙፋኗ ሳትነሣ እንዲህ ስትል አወጀች፦

«አስም ነው። አይጋባም። ጸሎታችሁን አልጠላሁም፣ በልቤ አሜን ብያለሁ። ከእንግዲህ ስትጸልዩልኝ ግን በአንድ ወገን ቁሙ፤ ነፋስ የሚመጣበትን ወገን ለእግዚአብሔር ተዉለት።»

ያን ጊዜ እማማ ኛሙዎች ወደ በረንዳው መጡ፣ ከነክብራቸው ተንበርክከው የተበተኑትን ቁልፎች ይለቅሙ ጀመር፤ ኅብረቱም ከእርሳቸው ጋር ተንበረከከ። እየለቀሙም፣ ታዲያ ያ ሁሉ የወደቀ መርፌ ይህ ነበር በሉኛ ብለው ሳቁ፤ እኛኮ ዓይንሽ እየደከመ መስሎን መነጽር ልንገዛልሽ ተመካክረን ነበር አሏት። አጁሉም ሳቀች፤ ስትስቅም አላሳላትም።

አቶ ኦባንግ ባጃጅ ልከው ያስመጧቸው ሲስተር ሙሉብርሃን ደረሱ፤ ጀርባዋን አዳምጠው ቡናማዋ የት አለች ብለው ጠየቁ። ከጉትቻዎቼ ጋር ናት የሚል መልስም አገኙ። ሲስተርም፣ እንግዲያው ጉትቻሽን ጠዋትና ማታ አድርጊ ብለው አዋጃቸውን አደሱት። ወደ ጤና ጣቢያውም ይዘዋት ሄዱ፤ ቡናማዋም ከዚያ ቀን ጀምሮ በሥራ ላይ ናት። አቶ ኦባንግም በድምፅ ማጉያቸው ሁለተኛውን ሕግ አወጡ፤ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ መጥረጊያ፣ ቆሻሻው ይቀበራል እንጂ አይቃጠልም አሉ፤ ይህንንም ከጥንት ጀምሮ ሲያስቡት እንደነበር ጨመሩበት።

በእሑዱም እማማ ኛሙዎች ጨርቁን ራሳቸው ተሸክመው መጥተው በስፌት መኪናው ላይ ጫኑት፤ ቀሚሱ ሁሉ ኪስ ይኑረው ብለው በጉባኤ ድምፅ አዘዙ። ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ግን ወደ አጁሉ ጆሮ ጎንበስ ብለው፣ ለእኔ በውስጥ በኩል ይሁን፣ ልኩም እንደ አንቺ ፓፍ ይሁን አሏት፤ ከዚያም አንዲት አጭር ሳል ሳሉ።

ሰላም ለእንግድዓኪ፣ ተዘግቶ ለተከፈተው ደረትሽ፣ አጁሉ ወለተ ኦቻላ፤ ሰላም ለጉልበቶችሽ፣ በቀሚሶች ሸለቆ ለዘመቱት፤ ሰላም ለምላስሽ፣ ትንፋሽ ባገኘ ጊዜ ማንንም ለማይምረው፤ ሰላም ለሰማያዊዋና ለቡናማዋ፣ በአንድነት ለነገሡት። ሰላምም በአንድ ሰፊ ቀሚስ ውስጥ፣ ከልብ አጠገብ በድርብ ክር ለተሰፋው፣ ይህ ዜና ስለ ባለቤቱ ምንም ለማይናገርለት ኪስ።