ለሁሉም የሚመልሱት እትዬ መይሙና

በየቤተዘመዱ አንድ መላሽ አለ። ጥያቄው ለማን እንደቀረበ ግድ የለውም፤ ጥያቄ ከተሰማ መልሱ የእሱ ነው። ሐኪም ቤት ሆዱን ይዞ የሚቀመጠው ሌላ፣ የት ጋ እንደሚያመው የሚናገረው ሌላ። ከሮቢት እስከ ዋጃ ባለው አገር የዚህ ማዕረግ ባለቤት ክብርት እትዬ መይሙና ናቸው። ይህን ደግሞ ከእህታቸው ልጅ ከሱዓድ በላይ የሚያውቅ የለም።

ባለሱቅ ሱዓድን ምን ልስጥሽ ቢላት እትዬ ይመልሳሉ። ልብስ ሰፊ ይጠብሻል ወይ ቢላት፣ ገና ሳትለብሰው፣ ወገቡ ልክ ነው እጅጌው ትንሽ ይጨመርበት ይላሉ። አንዴ ኬላ ላይ ፖሊስ የሚኒባሱን ሾፌር መንጃ ፈቃድ ሲጠይቅ እትዬ ከኋላ ወንበር ሆነው «አብሽር፣ አለው» ብለዋል። አልነበረውም።

ሱዓድ አሁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ዶርም ውስጥ ለጓደኞቿ የምታስረዳው ትምህርት ፈተና አዳራሽ ስትገባ ይጠፋባታል። የሰው እስክሪብቶ ቀጭ ቀጭ ካለ፣ ወንበር ሲጥ ካለ፣ ጆሮዋ ሌላ ነገር አይሰማም። ፊደሉም ይምታታባታል፤ ግማሹን ሳትሠራ ሰዓቱ ያልቃል። ማስጠንቀቂያ ደርሷታል፤ ይህን ሴሚስተር ከወደቀች መባረሯ ነው። ነገሩ የገባት አንዲት መምህርት ወደ ግቢው የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ወደ የትናየት ላከቻት። የትናየት ብዙ ጠየቀቻት፣ አስነበበቻት፤ ኦቲዝምና የንባብ ችግር ሊሆን ይችላል፣ ከተረጋገጠ ጸጥ ባለ ክፍል በተጨማሪ ሰዓት ትፈተኛለሽ አለቻት። የቀረው በልጅነቷ የሚያውቃት ሰው ማምጣት ነበር። እናቷ በጨቅላነቷ ሞታባት ያሳደጓት እትዬ መይሙና ናቸው። ሌላ ሰው የለም።

እንግዲህ ጉድ ፈላ። በእነ እትዬ አገር እንግዳ ሰው ቁጭ ብሎ የሴት ልጅን አስተዳደግ የሚጠይቀው ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ለትዳር። ያኔ ዘመድ የሆነ ሁሉ ያሞግሳል እንጂ ገመና አያወጣም። ሱዓድ ወደ ግቢው ይዛቸው ስትመጣ ሚኒባስ ውስጥ መንገዱን ሙሉ እውነቱን ብቻ እንዲናገሩ ብትለምናቸው፣ «አብሽሪ፣ ስምሽን የማጠፋ መሰለሽ?» አሏት። ከዚያ አዲሱን ሻሻቸውን አስተካክለው የትናየት ቢሮ ገቡ።

የትናየት፣ ሱዓድ በልጅነቷ ከልጆች ጋር ትጫወት እንደነበር ጠየቀች። እትዬ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከእሷ አይለይም ነበር አሉ። ሱዓድ የሰፈሩን ልጆች የምታስታውሰው በአጥር ቀዳዳ ነው። የሰርግ ከበሮ ሲመታ አልጋ ሥር መግባቷ ቀርቶ በእትዬ አፍ ጭፈራ መሪ ሆነች። ንባቧ ማሻአላህ እንደ ውኃ፤ ምግብ አትመርጥ፣ ልብስ አይኮሰኩሳት። ሱዓድ ወንድም ቢኖራት ይህችን ልጅ ትድርለት ነበር። ሳቅ ግን አልመጣላትም፤ በየሙገሳው ጸጥ ያለችው ክፍል እየራቀቻት ነው። እንባዋ መጣ።

የትናየት ቀጠለች። «ሰው ሰላም ሲላት ምን ብላ ትመልስ ነበር?»

«ደኅና ነኝ አልሐምዱሊላህ ነዋ።»

«በራሷ አፍ?»

እትዬ መይሙና እንደ ልማዳቸው ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ዞር ብለው ሱዓድን አዩ፤ እንባዋንም አዩ።

«እኔ ነኝ የምመልስላት» አሉ ቀስ ብለው። «ሰው ሲያናግራት ድርቅ ትላለች። ዱዳ ናት ብለው እንዳይስቁባት ቀደም ቀደም አልኩ። ወላሂ፣ እኔ ድሮ አፍ አልነበረኝም፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምደበቅ ሰው ነበርኩ። ይቺ ልጅ ናት አፍ ያስከፈተችኝ።»

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማቸው፤ ከበሮውም፣ አልጋ ሥሩም፣ የአጥሩም ቀዳዳ ወጣ። የትናየት እስኪጨርሱ አዳመጠችና ሱዓድ መጪውን ፈተና ለብቻዋ እንድትፈተን እንደምታደርግ ነገረቻቸው። ሱዓድ ግን ይህን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማችው። ዕድሜዋን ሙሉ ያበሳጫት አፍ የተከፈተው ለእሷ ሲባል ኖሯል።

ወደ ቤታቸው ተመልሰው ቆቦ መናኸሪያ ሲወርዱ ባለባጃጁ ሱዓድን የት ላድርስሽ አላት። እትዬ መይሙና ከንፈራቸውን ነክሰው ዝም አሉ። ታግለው፣ ፊታቸው እስኪቀላ ጠበቋት። ሱዓድ ቀኑን ሙሉ ሰው መሃል ውላ ደክሟታል፤ ሰው መንካት የማትወደው ልጅ ክንዳቸውን ያዘችና፣

«እርስዎ ይንገሩልኝ» አለቻቸው።

እትዬ መይሙና ሰፈሩን ነገሩት፤ ቤት እስኪደርሱም አላቆሙ።