ጀልባና አማት

ጀልባ የባለጌ መጓጓዣ ነው!

ቆይ፣ አትቆጡኝ፣ አስረዳለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ሽማግሌ ሲገባ ብድግ ብላችሁ ወንበር ትለቃላችሁ። ባጃጅ ከሆነ ጠጋ ትላላችሁ። ፈረስ ላይ ሆናችሁ ትልቅ ሰው ብታገኙ ወርዳችሁ እጅ ትነሳላችሁ። ጀልባ ላይስ? ማንም ይምጣ ማን፣ ጳጳስ ይምጣ ንጉሥ፣ እንደተጎለቱ ቁጭ ነው! ብድግ ያላችሁ እንደሆነ... እሱን ነው እንግዲህ የማጫውታችሁ።

ነገሩን የጀመረው ጌትነት ነው። ጌትነት የስፖርት መምህር ነው፤ እንጅባራ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖራለን። አንድ ማለዳ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነና ቻይናዎች በአንድ ረጅም ጀልባ ሁለት ሁለት ሆነው ተደርድረው ሲቀዝፉ አሳየኝ። ጀልባው ከፊቱ የዘንዶ ጭንቅላት አለው። ከዘንዶው ሥር አንድ ሰው ፊቱን ወደ ቀዛፊዎቹ አዙሮ ከበሮ ይደልቃል፤ ሁሉም በከበሮው ምት እኩል መቅዘፊያውን ይነክራል።

«ይኼን ዘንገና ሐይቅ ላይ ብናደርገውስ?» አለኝ።

«ማን ከማን?»

«እንጅባራ ከዳንግላ!»

በቃ፣ አለቀልኝ! እንጅባራና ዳንግላ ይጋጠማሉ ከተባለ እንቁላል የመላጥ ውድድርም ቢሆን ቀድሜ የምመዘገበው እኔ ነኝ። ባለቤቴ እናኑ የዳንግላ ልጅ ናት፤ እዚያ ቤት ደግሞ ስለ እንጅባራ የሚወራውን እኔ ነኝ የማውቀው።

ጀልባውን የሠራልን የሰፈራችን አናጢ ነው። ሰውየው በዕድሜው ከአልጋና ከቁምሳጥን በቀር ሠርቶ ስለማያውቅ፣ ጀልባው መላው ቤተ ዘመድ የሚተኛበት አልጋ መሰለ። የዘንዶውን ጭንቅላት ሊጀምር ሲል ግን አከራያችን እትዬ ጥሩ ደረሱበት።

«ምን ልትቀርጽ ነው?»

«ዘንዶ።»

«በስመ አብ! ጊዮርጊስ የገደለውን ዘንዶ እነዚህ ልጆች ሊጋልቡት? በእኔ ግቢ? አይደረግም!»

አናጢው እንደ መገላገል ቆጠረው። ዘንዶ አይቶ አያውቅማ! ፈረስ ግን የአገሩ ነው፤ እጁ ያውቀዋል። በሦስተኛው ቀን ግንባሩ ላይ ጥልፍ፣ አንገቱ ላይ ቃጭል ያለው የፈረስ ጭንቅላት ከፊት ተተከለ። ዳንግላዎችም ይህን ሲሰሙ የእነሱን ፈረስ አስቀረጹ፤ የእነሱ ነጭ ነው አሉ። እንዲህ ሆኖ የቻይናው ዘንዶ እኛ አገር፣ አዊ ሲደርስ ሣር በላ።

ልምምዱን የጀመርነው በየብስ ነው። ግቢያችን ውስጥ አግዳሚ ወንበር ደርድረን አየር እንቀዝፋለን። ችግሩ ከበሮው! ጌትነት «ድም!» ሲያደርገው እጃችን ወደ ውሃ መሄድ ሲገባው ትከሻችን ቀድሞ ይነሳል። እኛ እኮ ከበሮ ሰምተን የምናውቀው ሰርግ ላይ ነው! አንዱ ይንቀጠቀጣል፣ አንዱ ያጨበጭባል፣ እትዬ ጥሩም በመስኮት እልል ይላሉ። ጌትነት «ቅዘፉ እንጂ አትጨፍሩ!» እያለ ድምፁ ተዘጋ።

ሽልማቱ ሙክት በግ ነው ተባለ። በጉን ከጥሊሊ ገበያ መርጦ ያመጣው ከእኔ ጎን የሚቀዝፈው ባለሱቁ ሰኢድ ነው፤ በግ ላይ ደግሞ ሰኢድን የሚያታልል ገና አልተወለደም። ያን በግ ሳየው... ጎበዝ፣ ላቱ ብቻውን አንድ ቤተሰብ ያስተዳድራል! ያየሁት ዕለት አፌ አመለጠኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? ቅዳሜ ውድድሩ ነው፤ እሑድ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃችን ክርስትና ነው። ቤት እንደገባሁ፣

«እናኑ፣ ለክርስትናው በግ እንዳትገዢ» አልኳት።

«ለምን?»

«እኔ አመጣለሁ።»

«ከየት?»

«ከዘንገና።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ከሐይቅ? በጉ ዓሣ ነው እንዴ?»

«አሸንፌ ነው የማመጣው!»

«ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ» አለች። «እንግዶች ጠርቻለሁ። አባቴ ከዳንግላ ድረስ ይመጣል። እንዳታዋርደኝ!»

«በእኔ ይሁንብሽ!» ብዬ ደረቴን መታሁ። በእኔ ሆነባት።

ዓርብ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ሰፈርን። ጌትነት «ስፖርተኛ ከውድድር በፊት ካምፕ ይገባል» ስላለ ነው። ካምፕ ድንኳን ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ የምናውቀው ድንኳን የእድር ነው። ስለዚህ የእድራችንን ድንኳን ከነብረቱ ተሸክመን ወስደን ከመንገዱ ዝቅ ብለን ተከልነው። ቀኑ የጾም ቀን በመሆኑ ንፍሮ ቀቀልን። ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ የእንጅባራ ብርድ ሰው አይመርጥም፤ ሁላችንም ጋቢያችንን ተከናንበን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ንፍሮ እየዘገንን ዝም አልን። እስቲ ይህን ከመንገድ ላይ ሆናችሁ እዩት!

ብዙም ሳይቆይ አንዲት እናት ከገበያ ሲመለሱ ከላይ አዩን። ሸክማቸውን አወረዱ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

«ወይኔ ልጄን! ወይኔ!» እያሉ ቁልቁል ወረዱ።

እርስ በርሳችን ተያየን። ሰው አልሞተም ብሎ የሚናገር ጠፋ። እንዴት ይባላል? ሴትየዋ እኮ እያለቀሱ ናቸው! እንባ አውጥተው የመጡ ሰው «ይቅርታ፣ ስፖርት ነው» ይባላሉ? ጌትነት ጭራሽ ብድግ ብሎ እጅ ነስቶ ተቀበላቸው። አግዳሚ ላይ አስቀመጥናቸው። ንፍሮ ሰጠናቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ጠርገው፣

«እግዜር ያጽናችሁ ልጆቼ። ሟቹ ማነው?» አሉ።

ሰኢድ ጨነቀውና፣

«ገና አልታወቀም እማማ፤ ነገ ነው» አላቸው።

እማማ ንፍሯቸውን አስቀመጡ፣ አማተቡ፣ ሸክማቸውንም ረስተው ሽቅብ ወጡ። ሸክሙን ሮጠን ያደረስንላቸው እኛ ነን፤ ስንከተላቸው ደግሞ ይብስ ሮጡ።

ቅዳሜ ጠዋት ዳንግላዎች በሚኒባስ ደርሰው በማዶ በኩል ጀልባቸውን አወረዱ። በጭጋጉ መልካቸውን እንኳ በደንብ አላየንም። የዘንገናን ጥልቀት ማንም ስለማይደፍረው ከዳር ሳንርቅ እንድንቀዝፍ ተባለ፤ እያንዳንዳችንም ጀርባችን ላይ አንድ አንድ ባዶ ጀሪካን አሰርን። ቢጫ ጀሪካን ተሸክመን ስንሰለፍ ቦኖ ውሃ ወረፋ የምንጠብቅ መሰልን። በጉ ዳር ላይ ዛፍ ሥር ታስሮ ያመሰኳል። አየሁት። አየኝ። «ነገ የእኛ ቤት እንግዳ ነህ» አልኩት በልቤ።

ፊሽካው ሲነፋ... አይ እንጅባራ! ያ በየብስ ሰርግ የነበረ ከበሮ ውሃ ላይ ሲደርስ ጦርነት ሆነ። ድም! ድም! ድም! የእንጨት ፈረሳችን ቃጭሉን እያንቃጨለ ጋለበ። ዳንግላዎች ከኋላ ቀሩ። ዳር የቆመው ሕዝብ አበደ። መጨረሻው ላይ የተተከለው ባንዲራ ሲታየኝ ጥብሱ ሸተተኝ፤ የእናኑ ፊት ሲበራ፣ አማቴ አቶ ይስማው «የልጄ ባል እንዲህ ነው!» ሲሉ ታየኝ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ! በስተግራ በኩል ሌላ ከበሮ ሰማሁ። የዳንግላው ነጭ ፈረስ አፍንጫ በጎኔ ብቅ አለ። ከፈረሱ ሥር ጋቢያቸውን ደርበው፣ የዝንብ ጭራቸውን በአንገታቸው አጥልቀው፣ ከበሮውን እንደ ወጣት የሚደልቁት ሰው...

አማቴ! አቶ ይስማው!

ለካ የዳንግላዎቹ ከበሮ መቺ ማለዳ ጉንፋን ጥሎት፣ ቡድኑን ሊመርቁ የመጡትን አማቴን «እርስዎ ይምቱልን» ብለዋቸው ኖሯል! ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያወቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አማቴ መጡ፣ እኔ ተቀምጫለሁ። ይህ በእናት በአባቴ ቤት ያልታየ ነገር ነው! እግሬ እኔን አልጠየቀኝም። ብድግ!

«ኖር!» አልኩ።

ሰኢድ ቀና ሲል እኔ ቆሜያለሁ፣ በአጠገባችን ሽበታም ሽማግሌ አሉ። እሱም ያሳደጉት ሰው ነው። ብድግ! «ኖር!» ከኋላችን ያሉት ብድግ። ከፊታችን ያሉት ብድግ። «ለአሸናፊነት ይሉኝታ አያስፈልግም» ብሎ ሲያሠለጥነን የከረመው ጌትነት እንኳ ከበሮውን አንጠልጥሎ ተነሳ። «ኖር!»

አንድ ሰው ጀልባ ላይ ቢቆም ጀልባው ይወዛወዛል። ጀልባ ሙሉ ጨዋ በአንድ ጊዜ ወደ ግራ ዞሮ እጅ ቢነሳስ? የእንጅባራ ፈረስ ለአማቴ ክብር ተጋደመ።

የዘንገና ውሃ ቀዝቃዛ ነው ሲሉ ሰምታችኋል? አልነገሯችሁም! ጀሪካኔ ጎትቶ ሲያወጣኝ አማቴ ከበሯቸውን አቁመው በጀልባቸው ጠርዝ እየፈለጉኝ ነበር። ቀዛፊዎቻቸው ግን ግድም አልሰጣቸው፣ ይቀዝፋሉ።

«እንዴት አደርክ ልጄ?» አሉኝ።

አንገቴን ከውሃው ላይ ዝቅ አድርጌ እጅ ነሳሁ፤ አፍንጫዬ ውሃ ገባ። «እግ... እግዚአብሔር ይመስገን! እርስዎ እንዴት አደሩ?»

«እናኑ ደህና ናት?» እየራቁ ነው።

«ደህና ናት!» ጮህኩ።

«ልጅቱስ?»

«ደህና ናት፣ አድጋለች!»

«ላሟስ ወለደች?» ድምፃቸው ከማዶ መጣ።

«ወልዳለችችች!»

በዚያው ዳር ጩኸት ተነሳ። ዳንግላ ባንዲራውን አልፋ ነበር።

ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ዳር ስንወጣ አማቴ እያዘኑ ጠበቁን። «ምን ነካችሁ ልጆቼ? እኔ እኮ ‹በእግዜር፣ ተቀመጡ› ልላችሁ አፌን ስከፍት... ሰው የለም! ለማን ልበል?» አሉን። ጌትነት ቂም ይዞ ሊያየኝ አልፈለገም። እኔ የማየው በጉን ነው። ሲፈቱት እያየሁ ሆዴ ባባ፤ እናኑን ምን እላታለሁ?

አማቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል። እንጅባራዎች አክብረውን ነው የተሸነፉት። በጉ እዚሁ ይታረድ፣ ሁላችንም እንብላ!»

ሰኢድ በክርኑ ጎሸመኝ። «ንገራቸው እንጂ!»

«ምን ብዬ?»

«‹ይኼ በግ የልጅዎ ልጅ ክርስትና ነው› በላቸዋ!»

እናንተ ብትሆኑ ትሉ ነበር? አማት ድል አድርገው ያገኙትን በግ «ለእኔ ይስጡኝ» ይባላል? ስለ በጉ ቃል ገብቼ ነበር ብልስ «ምን ዓይነት ጉረኛ ነው ልጄን ያገባው» አይሉም? በጉ ታረደ፣ ተጠበሰ። ሰኢድ የእኛን ዕርድ ስለማይበላ የቀረውን ንፍሮ ይዞ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና በትዝብት ያየኝ ጀመር። እኔ አልበላም ብዬ ወስኜ ነበር። እውነቴን ነው! ግን አማቴ በሰፊው ጠቅልለው ወደ አፌ ላኩ። የአማት ጉርሻ ይመለሳል? ጎረስኩ። «አንድ ያጣላል!» አሉ። ጎረስኩ። «ሁለት ያጣምራል... ሦስት ያፋቅራል!» ምን አለፋችሁ፣ የልጄን ክርስትና በጠቅላላ አጎረሱኝ። የሚያሳፍረው ደግሞ... ጣፈጠኝ።

ማታ ቤት ስገባ እናኑ ልጅቱን አቅፋ በር ላይ ቆማ ነበር።

«በጉስ?»

«ዳንግላዎች ወሰዱት።»

አልዋሸሁም! የወሰዱት እነሱ ናቸው፤ የት እንዳደረሱት ነው ያልጠየቀችኝ። ዓይኗ ውሃ ሞላ፤ ያን ጊዜ በጉ ሆዴ ውስጥ ተነስቶ ቆመ። ገበያው ተበትኗል። ሌሊቱን ሽሮ ስትሠራ፣ እንቁላል ስትቀቅል አደረች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እንግዶች ተቀመጡ። አማቴ ልጄን መርቀው፣ መሶቡ ሲከፈት ወደ ውስጥ አዩ። ሽሮውን አዩ። እንቁላሉን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አይ ልጄ...» አሉ በሐዘኔታ፣ ቤት ሙሉ ሰው ፊት። «ትናንት ያን ሁሉ ሥጋ ስትበላ፣ አንዲት እግር እንኳ ‹ለዚህች ልጅ ክርስትና ትሁን› ብለህ ብታነሳ ምን ነበረበት?»

እናኑ ጭልፋዋን እንደያዘች ቀስ ብላ ዞረች።

«የቱን ሥጋ?» አለች።

መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት አማቴ በሽሮ ትልቅ ጉርሻ ከተቱልኝ። አፉ የሞላ ሰው አይጠየቅም አይደል? ይኸው እስከ ዛሬ እያኘክሁ ነው።